በራሴ ጣቶች የጻፍኩት

ውድ ኬሚስት፣

ማን ጻፈለት ብለህ አትጨነቅ። ይህን ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ እንኳ አጠገቤ አልነበረችም። እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስለ ጤንነትህ ብጠይቅ አያምርብኝም። ቀጥታ ወደ ነገሬ ልግባ።

ዓይኔ ጠፍቷል። አንተ ስትሄድ ነገሩ ጭጋግ ነበር፤ አሁን የምለየው መስኮቱ በየት በኩል እንዳለ ብቻ ነው። አንተን በኬሚስትሪ ትምህርትህ ‹‹ኬሚስት›› እንዳሉህ፣ እኔን የጂኦግራፊ መምህሩን ተማሪዎቹ ዛሬም ‹‹ካርታው›› ይሉኛል። ካርታ ማየት የማይችል ካርታው ሆንኩልህ።

ባለፈው ዓመት መዝጊያ ላይ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ጠርተውኝ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ወንበር እንዳዘጋጁልኝ በጨዋ አነጋገር ነገሩኝ። ሥራው ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኩ። ትንሽ አሰቡና ‹‹መቀመጥ ነው›› አሉኝ። ክፋት አልነበረባቸውም፤ ነገሩ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ። ትምህርት ቤቱ እስኪከፈት ጊዜ ይስጡኝ፣ ፈተና ራሴ አውጥቼ ራሴ አርሜ ካላሳየሁ ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ አልኳቸው። ደረጃውን ስወርድ ግን እንዴት አድርጌ እንደማሳይ ፈጽሞ አላውቅም ነበር።

አሮጌዋን ላፕቶፔን ታውቃታለህ፤ ተከፍታ እስክትጨርስ ግማሽ ክፍለ ጊዜ የምትበላውን። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ኮምፒውተር የምትጠግን ሴት አለች፤ እሷ ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ሴትዮዋ ለደንበኛ ፈገግ የምትል ዓይነት አይደለችም አሉ፤ እኔ እንደሆነ አላየሁም። ከፍታ ስትጎረጉር ቆየችና ‹‹ጋሼ፣ ይቺ ማሽን አልሞተችም፤ የተጫነባት ነው የከበዳት›› አለችኝ። ከዚያ ስለ ሊኑክስ አስረዳችኝ። ማንም ቀድቶ የሚጠቀምበት፣ ማንም ከፍቶ የሚያሻሽለው ነጻ ሥርዓት ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም አብሮት አለ። እኔ ልጫንልዎ ስትለኝ፣ አይሆንም፣ ነገ ቢበላሽ የት አገኝሻለሁ፣ አስተምሪኝና እኔው ልጫነው አልኳት። ሰነዶቼን በሙሉ ለብቻው ቀድታ አስቀመጠችልኝና ሊኑክሱን በትንሽ ፍላሽ ሰጥታኝ ሸኘችኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ባለቤቴ የምትሰፋውን ቀሚስ ጭኗ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታነብልኛለች፣ እኔ ቁልፎቹን እነካለሁ። ሴትዮዋ ያስጠናችኝን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ስጫን ላፕቶፗ ድንገት ተናገረች። የወንድ ድምፅ ነው፤ ደረቅ፣ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚያወራ የሚመስል፣ በእንግሊዝኛ። ባለቤቴ መርፌዋን ይዛ ቀረችና ‹‹ይሄ ሰውዬ ጉንፋን ይዞታል›› አለች። ከዚያ በኋላ ስሙ ጉንፋኑ ሆኖ ቀረ። ጉንፋኑ በሃርድ ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥፋ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። የሃያ ዓመት የትምህርት ማስታወሻዬ እዚያ ውስጥ ነው። ቅጂ እንዳለኝ አውቃለሁ፤ ጣቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። ባለቤቴ መስፋቷን አቆመች። ተጫንኩት።

ችግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማስታወሻዎቼን መልሼ ስለ ወንዞች የጻፍኩትን ከፈትኩ፤ ጉንፋኑ ጭጭ አለ። የእኛ ፊደል ለእሱ ባዶ ወረቀት ነበር። ያን ዕለት እውነቱን ልንገርህ፣ ላፕቶፗን ከድኜ አልጋ ላይ ወጣሁና ወንበሩን አሰብኩት። ስለ ወንበሩ ማሰብ ግን ከአልጋ የማስነሳት ኃይል አለው። ተነስቼ ጠጋኟ ጋ ደወልኩ። እሷ በስልክ ትእዛዙን ፊደል በፊደል ታስጽፈኛለች፣ እኔ እመታለሁ፣ ጉንፋኑ ስህተት ነው ይለኛል። አንድ ቦታ ክፍት ቦታ መተው ረስቼ፣ ሌላ ቦታ አንድ ፊደል ደግሜ፣ ሦስት ቀን ሄደ። በአራተኛው ቀን ‹‹ወንዝ›› አለ። እንዲሁ፣ በዚያ ደረቅ ድምፁ፣ ወንዝ አለ። ባለቤቴን ጠርቼ ደግሞ ደጋግሞ እንዲል አደረግኩት።

የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ‹‹ልጁ ይመታል›› ብዬ ጽፌ ሳስነብበው፣ ልጁ መቺ ይሁን ተመቺ አልገባኝም። ግን ይነበባል። የሚቀጥሉትን ሳምንታት ሌሎቹን ስጭን ከረምኩ፦ የቃሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ቁልፎች ስመታ በእኛ ፊደል የሚያወጣልኝን ኪቦርድ፣ የምጽፍበትንና ውጤት የምደምርበትን ሊብሬኦፊስ፣ የታተመ ወረቀት ስካን ሳደርግ ወደ ጽሑፍ የሚቀይርልኝን ፕሮግራም። ሁሉም ነጻ ናቸው፤ ሁሉም የየራሳቸው ግትርነት አላቸው። አንዱን ስጭን ሌላው ያኮርፋል። እኔም አኮርፋለሁ፣ ከዚያ እመለሳለሁ።

ትምህርት ቤቱ ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ላፕቶፗን ይዤ ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው ሦስት ርእስ ሰጡኝ፣ እኔ እዚያው ፊታቸው ጥያቄ አወጣሁ፣ አተምኩ። ማረሙስ አሉኝ። ተማሪዎቹ መልሳቸውን ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ በጽሑፍ ያስገባሉ፣ እኔ በጆሮዬ አርማለሁ አልኩ። የጸሐፊዋን ጽሑፍ አስመጥተው ሞከሩኝ፤ ሁለት ስህተት ነቀስኩላቸው። ለአንድ ሴሚስተር ክፍሌን መለሱልኝ። ከዚያ ሊሸኙኝ ተነስተው እንዲህ አሉ፦

‹‹መቼም እርስዎ በራስዎ ቢያርሙ ይሻላል። ያኔ ለኬሚስቱ አምነው ሰጥተው የደረሰብዎን አይተነዋል።››

እኔም አመስግኜ ወጣሁ። ገባህ? ያን ሁሉ ታግዬ፣ ያን ሁሉ ኩራት ተሸክሜ፣ በሩ ላይ ያንኑ ውሸት ሁለተኛ ዋሸሁት።

አሁን አንተ የምታውቀውን፣ እኔ ግን አንድም ቀን ያልነገርኩህን ልናገር። ዓይኔ መድከሙን ከትምህርት ቤቱ ደብቄ አንተ ፈተናዬን ታርምልኝ ነበር፤ አራት እሽግ አርመህልኛል። አምስተኛውንና የመጨረሻውን ግን አልሰጠሁህም። በቃ ይሄን እንኳ ራሴ ብዬ መስኮት ሥር ተቀምጬ አረምኩት። ነርስ ልትሆን የፈለገችው ልጅ ወረቀት እዚያ ውስጥ ነበር፤ በእርሳስ የጻፈችውን ገጽ ጭራሽ አላየሁትም፣ ወደቀች። እናቷ መጥታ ስትጠይቅ፣ ያን እሽግ ኬሚስቱ ነው ያረመው አልኩ። አንተ ተጠርተህ ወረቀቱን ስታይ፣ ከመስመር የሚንሸራተተውን ምልክቴን አይተህ ማን እንዳረመው አውቀሃል። ቀና ብለህ ወደ እኔ አየህ። ያኔ ያን ያህል ማየት እችል ነበር፤ ፊትህን አየሁት። ከዚያ ‹‹የኔ ጥፋት ነው›› አልክ። ያለ ማብራሪያ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ማስጠንቀቂያው በፋይልህ ገባ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ለቀህ ሄድክ። ልጅቷ ውጤቷ ቢስተካከልም የነርስ ትምህርት ቤቱ ምዝገባ አምልጧት አንድ ዓመት ቤት ዋለች። አሁን ገብታለች። አንተን ግን ስትሄድ እንኳ አልሸኘሁህም።

ከቢሮው የተመለስኩ ዕለት ለባለቤቴ ነገርኳት። ‹‹ኬሚስቱ ቤታችን ራት በልቶ በሄደ ቁጥር ምን ታስብ ነበር?›› አለችኝ። ተነስቼ ላፕቶፗን ከፈትኩና ለርዕሰ መምህሯ ሁሉንም ጻፍኩ፤ ጉንፋኑ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መልሶ ነገረኝ። በዚያ ድምፅ ሲነበብ ማስዋቢያ የሚባል ነገር አይተርፍም። ሦስት ቦታ ለራሴ የሰጠሁትን ሰበብ አግኝቼ አጠፋሁት።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ሰጥቻቸው ቆሜ ጠበቅኩ። አንብበው ሲጨርሱ ለምን አሁን አሉኝ። በሰው እጅ ማስጻፍ አፍሬ ነው፣ አሁን ገና ነው ራሴ መጻፍ የቻልኩት አልኩ።

‹‹በአፍዎ መናገር ይችሉ ነበር እኮ፣ መምህር›› አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ለራሴ ሳዘጋጃት የከረምኩት መልስ በአንድ ቃል ፈረሰች። አዎ፣ እችል ነበር አልኳቸው።

ማስጠንቀቂያው ከአንተ ፋይል ወጥቶ በእኔ ገብቷል፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ከዚህ ጋር ታገኛለህ። ክፍሌን አልነጠቁኝም፤ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ኮሚቴ ተቀምጦ ይወስናል። ለኮሚቴውም ለመዘጋጀት ጀምሬያለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ልጅቷ ወደምትማርበት እሄዳለሁ፤ ለእሷ አልጽፍም፣ በአፌ ነው የምነግራት። ባለቤቴ አብሬህ ልሂድ አለችኝ፣ በር ድረስ ብቻ አልኳት።

ይቅር በለኝ ወንድሜ። ተመለስ አልልህም፤ ያን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ባትመልስልኝም አልቀየምህም። ከመለስክ ግን፣ ስድብም ቢሆን፣ በእጅ ጽሑፍህ አትጻፍልኝ። በኮምፒውተር ጻፍና ላክልኝ፤ ለብቻዬ ላንብበው።

ያንተው
ካርታው