ያላሰናበትኩት ተኩላ

ሰኔ 20 ቀን

ሙሉ ቀን ልብስ አጠባ። አንሶላ፣ ሸሚዝ፣ ከካምፑ ሕክምና ድንኳን የመጣ የፋሻ ክምር። ዝናቡም አላቆም አለ... ያጠብኩት ሁሉ ገመድ ላይ እንደገና ታጠበ። ልብሱን የሚያስረክበኝ የካምፑ ጣሊያናዊ ሹም፣ ማሬሻሎው፣ ደግሞ ቆሞ "ፕሬስቶ! ፕሬስቶ!" ይላል፤ ቶሎ በዪ ማለቱ ነው። ለፀሐይ ንገራት፣ እኔ ምን ላድርግህ?

የተቀዳደደውን ፋሻ አቃጥዪው ብሎኝ ሄደ። እሺ አልኩ። አላቃጠልኩም። ቀቅዬ፣ ቀሚሴ ስር ወገቤ ላይ ጠምጥሜ አወጣሁት። ቅዳሜ ለተክለማርያም አደርስለታለሁ። ወንድሜ በጣሊያን ጥይት ታፋው ተበስቶ በጣሊያን ፋሻ ሊድን ነው... ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ።

የምጽፈው በልብስ መመዝገቢያ ወረቀት ጀርባ ነው። ሌላ ወረቀት ከየት ይመጣል? አባባ ነፍሱን ይማረውና ቁም ጸሐፊ ነበር፤ እኔንም ከወንድሜ ጋር ፊደል አስቆጠረኝ። "ትርንጎ፣ የአንቺ እጅ ጽሕፈት ከተክለማርያም ያምራል" ይል ነበር። ያማረው እጅ ይኸው በሳሙና ተላጠ።

ሰኔ 25 ቀን

ወጨጫ ጫካ ሄጄ መጣሁ። የወንድሜ ቁስል መግሉ ቀንሷል። ትኩሳቱ ግን አለ። ኦቦ ጉታ መደባቸውን ለእሱ ለቀው እሳቸው መሬት ይተኛሉ። ዘመድ አይደሉ፣ ምን አይደሉ። ዱር ውስጥ ደሙ ሲፈስ አገኙት፣ አዝለው ጎጆአቸው አስገቡት። በቃ።

ስመለስ ጉም ነበር። ጥዱ ሁሉ ጠፍቶ ከፊቴ የሚታየኝ ሁለት እርምጃ ብቻ። ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ስቆም ይቆማል። ስሄድ ይሄዳል። የሰው ውሻ ነው ብዬ ዞር አልኩ... ውሻ አይደለም። ተኩላ ነው። ግን እንደዚህ ያለ ተኩላ አለ እንዴ? ጥጃ ያህላል። ጀርባው አመድማ፣ ደረቱ ነጭ። አልጮኸም፣ ጥርሱንም አላሳየኝም። ዝም ብሎ አየኝ። ያፈርኩት እኔ ነኝ፤ ሳላስፈቅድ ሰው ቤት የገባሁ መሰለኝ።

"በስመ አብ" አልኩ። አልጠፋም። ሰይጣን ቢሆን ይጠፋ ነበር፣ አይደል?

ሮጬ ቤቴ ገባሁ።

ሰኔ 26 ቀን

ከቅዳሴ ስመለስ ደጄ ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። መዳፌን ብዘረጋው ልኩ ነው። ጎረቤቴ ዘሀራ አይታ እንዳትደነግጥ በእግሬ አጠፋሁት።

ሐምሌ 2 ቀን

ለኦቦ ጉታ ነገርኳቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር። አልሳቁም። እሳቱን መቆስቆሳቸውን ተዉ።

"ወደቅሽ?"

"አልወደቅሁም።"

"ሮጥሽ?"

"ሮጥኩ።"

"ተርፈሻል። ዳግመኛ ግን እንዳትሮጪ።"

የቤታቸው ነገር ነው አሉ። ከአባታቸው የሰሙት፣ ጎረቤት እንኳ የማያውቀው። የጫካው ባለቤት ነው። በጫካው የሚያልፈውን ሰው ከኋላ ሆኖ እስከ ቤቱ ይሸኘዋል። እሱ ካለ ሌላ አውሬ አይደርስብሽም፣ ክፉ ሰውም አይደርስብሽም። ከወደቅሽ ግን የእሱ ነሽ። "ብትወድቂ እንኳ የወደቅሽ አትምሰዪ። ቁጭ በዪና 'ላርፍ ነው' በዪ፤ ጮክ ብለሽ። እሱም ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል።" ቤት ሲደርሱ ደግሞ ደጃፍ ላይ ጨው አስቀምጦ "አድርሰኸኛል፣ ተመለስ" ይባላል። ካላሰናበቱት አይመለስም።

"እና ጠባቂ ነው ወይስ በላተኛ?" አልኳቸው።

"ሁለቱም።"

ተክለማርያም ከመደቡ ላይ "እኅቴ በመጨረሻ ባል አገኘች" ብሎ ሳቀ። ሳቁ ቁስሉን ቀሰቀሰበትና ታፋውን ያዘ። ይበለው።

ስመለስ አልሮጥኩም። መንገዱን ሙሉ ከኋላዬ ነበር። ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ስደርስ ግን... የቁም ጸሐፊ ልጅ ተኩላ አስከትላ ሰፈር ትግባ? ሰው ምን ይላል? እዚያው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ፣ አባባ በተቀበረበት ግቢ ደጅ፣ ጨው ቆንጥሬ ጣልኩ። "አድርሰኸኛል፣ ተመለስ" አልኩ፣ በሹክሹክታ። ከዚህ ወዲያ መድኃኔ ዓለም አለልኝ ብዬ።

ሐምሌ 3 ቀን

ትናንት ያልጻፍኩት አለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ ነው? እዚያች መሀል ሁለት ባንዳዎች ያዙኝ። "የት ነበርሽ?" ተሳልሜ መምጣቴ ነው አልኩ። "እግርሽ ላይ ያለው የዱር ጭቃ ነው!" አንዱ በጥፊ አጮለኝ። ነጠላዬን ቀሙኝ። ሊደግመኝ ሲል ሁለተኛው "ተዋት፣ የካምፑ አጣቢ ናት" አለ። ፋሻውን አድርሼ መመለሴ ነበር እንጂ ወገቤ ላይ ቢያገኙት ዛሬ የምጽፍ አልነበርኩም።

ጉንጬ አብጧል።

ሐምሌ 9 ቀን

ኦቦ ጉታ ጉንጬን አይተው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"የት ነው ያሰናበትሽው?"

"ቤተ ክርስቲያን ደጅ።"

"እዚያ ነው የምትኖሪው?"

"አይደለም፣ ግን..."

"ሂድ አልሽው፣ ሄደ። ማንን ነው የምታኮርፊው?"

በመድኃኔ ዓለም ደጅ አሳብቤ ከሰው ዓይን መሸሸጌ ነው። ኦቦ ጉታ እውነታቸውን ነው።

ዛሬ እስከ ደጄ አመጣሁት። ማንም ይይ! የደረጃው ድንጋይ ላይ ጨዉን አደረግሁ፤ "አድርሰኸኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ተመለስ" አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ከበሩ ማዶ ድንጋዩን ሲልስ ሰማሁት። ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል።

በሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ። ከፍርሃት አይደለም። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር እኔን፣ አጣቢዋን፣ ቤቴ ድረስ ሸኘኝ... ማን ነኝና?

ሐምሌ 11 ቀን

ማሬሻሎው ወታደሮቹ ለዘመቻ ባታቸው ላይ የሚጠመጥሙትን የእግር ፋሻ በሙሉ አምጥቶ ከመረብኝ። የሱፍ ካልሲ፣ የሱፍ ሹራብ። እስከ ረቡዕ ማታ ደርቆ ይድረስ፣ ካልሆነም በእሳት ይድረቅ ተባለ። አንድም አንሶላ የለም። አንሶላ ሳይኖር የእግር ፋሻ ብቻ ያጠብኩት አንድ ጊዜ ነው፣ ባለፈው ጥር። ያኔ ወታደሮቹ ዘመቱ፣ በሦስተኛው ቀን በሆለታ በኩል ጭስ ታየ።

ቀን አስተርጓሚው ይገዙ ለወጥ ቤቱ ሲያወራ ሰማሁት። "የወጨጫ ጫካ ሊጠረግ ነው።"

ሐሙስ ይወጣሉ ማለት ነው። ወንድሜ ብቻውን መቆም እንኳ አይችልም። ካገኙት እዚያው ይጨርሱታል፣ ኦቦ ጉታንም ጭምር። አምላኬ፣ ምን ላድርግ?

ሐምሌ 12 ቀን

የእግር ፋሻውን ሳልጨምቅ ሰቀልኩት። ሲንጠባጠብ ይዋል! ለማሬሻሎው ነገ ሆዴን ሊያመኝ ነው አልኩት... ዛሬ ነገን እንደማውቅ። ደግነቱ ያስተረጎመው ይገዙ ነው፣ አስተካክሎ ነገረልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ነገ ጎሕ ሲቀድ እወጣለሁ።

ሐምሌ 14 ቀን

የትናንቱን ልጻፍ። ካልጻፍኩት ከሳምንት በኋላ እኔም አላምነውም።

ደርሼ "ነገ ይመጣሉ" አልኳቸው። ኦቦ ጉታ ጦራቸውን ከግድግዳው አነሱ፣ ቁርበታቸውን ጠቀለሉ፣ ጎጆአቸውን አንዴ ዞረው አዩ። ከወንዙ ማዶ የወንድሜ ጓዶች፣ አርበኞቹ፣ አሉ፤ እዚያ ካደረስነው ይዘውት ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ተክለማርያም በሁለታችን ትከሻ ተንጠልጥሎ ወጣን። ጉሙ ከመቼውም የባሰ።

ብዙም ሳንሄድ ኮቴው መጣ።

"ትርንጎ... ከኋላችን የሆነ ነገር አለ።"

"አለ።"

"ያ ነው?"

"ፊት ፊትህን እይ።"

አልሳቀም። ያኔ እንኳ ቢስቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ወንዙ የሚያወርደው ቁልቁለት ላይ እግሩ ከዳው። ከእጄ አመለጠኝና በግንባሩ ተደፋ። ኮቴው ፈጠነ። የረጠበ ጠጉር ሸተተኝ። ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ መጣ፣ የሞቀ። ከዚያ ድምፅ... ከጉሮሮ የወጣ አይመስልም፣ ከእግሬ ስር ከመሬቱ ነው የተሰማኝ። ኦቦ ጉታ "ይናገር! ያረፈ መሆኑን ይናገር!" ይላሉ። ምኑን ይናገር፣ ራሱን ስቷል! ጭቃው ላይ ዝርፍጥ ብዬ ተቀመጥኩ፣ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ።

"እያረፍን ነው!" አልኩ። "ወንድሜና እኔ እያረፍን ነው! አልወደቀም!"

ጮህኩ። ማን ይሰማኛል የሚል ሐሳብ አልመጣብኝም።

ድምፁ ቆመ። ከዚያ በአጠገቤ አለፈ። እርጥብ ጎኑ ትከሻዬን ነካኝ። መንገዱ መሀል ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቁጭ አለ። ሁልጊዜ ከኋላዬ ነበር... ጀርባውን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ኦቦ ጉታ ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

ያኔ ከታች፣ ከመሻገሪያው፣ የብረት ድምፅ መጣ። በቅሎዎች። የጣሊያንኛ ንግግር። ሐሙስ ነው ብዬ ነበር፣ ለካ ቀድመው የወጡ አሉ! ተክለማርያም ባይወድቅ ኖሮ ሄደን መሀላቸው ነበርን። ወንዙ ሞልቶ ስለሚያጓራ ጩኸቴን አልሰሙም። ወደ እኛ መውጣት ጀመሩ። የድንጋዩን መንኳኳት እሰማለሁ፣ ቀረበ፣ ቀረበ... በድንገት ፊተኛዋ በቅሎ ቆመች። ይመቷታል፣ ይራገማሉ፣ አልራመድ አለች። ተኩላው አልተነሣም። አልጮኸም። ራሱን ብቻ ቀና አደረገ። በቅሎዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ዞሩ፤ ጭነቱ ሲንኮታኮት፣ ሰዎቹ እየጮኹ ሲከተሏቸው ሰማሁ። ድምፃቸው ወንዙን ይዞ ወደ ታች ራቀ፣ ራቀና ጠፋ።

ከዚያ ከጥዱ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ።

የተሰማኝን እንዴት እጽፈዋለሁ? ቅዳሴ ላይ መጋረጃው ሲገለጥ የሚሰማኝ ነው። ሌላ አላውቅም። አባባ ይቅር ይበለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወንዙን ተሻግረን አርበኞቹ ዘንድ ደረስን። ኦቦ ጉታም ከእነሱ ጋር ሊሄዱ ወሰኑ፤ ጎጆው አይተርፍም። እኔን "ተመለሺ። ነገ ካምፕ ካጡሽ ይጠረጥሩሻል" አሉኝ። ተኩላው እንደ ልማዱ ከእኔ ኋላ ቆሟል። ወደ ቤቴ ሊሸኘኝ ነው።

"ከሁላችን ጋር ይሄዳል?" አልኳቸው።

"መንገድ ሲለይ አንዱን ነው የሚሸኘው።"

ተክለማርያምን አየሁት። ከንፈሩ ደርቋል፣ ዓይኑ በትኩሳት ያበራል። ስንት ቀን ይሄዳል? በየት በኩል? እኔ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው ያለኝ... ባንዳዎቹ ግን ቀራንዮ ላይ አሉ። ፈራሁ። በጣም ፈራሁ። ዞርኩና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየሁት።

"እኔ ቤቴ ደርሻለሁ" አልኩት። ዋሸሁት። "እሱ ግን ገና ነው።"

ከያዝኩት ጨው ቆንጥሬ እግሩ ስር አደረግሁለት፣ የቀረውን ወንድሜ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። "ደኅና ቦታ እስክትደርስ እንዳታሰናብተው።" ተኩላው ጨዉን ላሰ። ትንሽ ቆመ። ከዚያ አለፈኝና ከተክለማርያም ኋላ ሆነ።

ብቻዬን ተመለስኩ። ማጅራቴ ላይ ብርዱ ብቻ። ደጋግሜ ዞርኩ፤ ማንም የለም።

ሐምሌ 16 ቀን

ወጨጫ ላይ ጭስ አለ። ይገዙ በአጠገቤ ሲያልፍ "ያገኙት ባዶ ጎጆ ነው" አለ፣ ሳያየኝ። ማሬሻሎው ጭቃ የበላ የእግር ፋሻ ወረወረልኝ። እያንጎራጎርኩ አጠብኩት።

ነሐሴ 10 ቀን

የዘሀራን ባል ለመንገድ ሥራ ከወሰዱት ወር አለፈው። ስንቅ ልታደርስለት በካምፑ አጥር ስር ማለፍ አለባት፣ እዚያ ያለው ዘበኛ ደግሞ ሴት አያሳልፍም፤ ይጎትታል። "አልሄድም እንዳልል፣ በረሃብ ቢሞትስ?" ብላ ስታለቅስ አገኘኋት።

"ሂጂ። ከኋላሽ አለሁ።"

"አብረን እንሂድ እንጂ።"

"ከኋላ ይሻላል፤ ሁሉን አያለሁ።"

ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላዋ ሄድኩ፣ የልብስ ገንዳ ተሸክሜ። ዘበኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወደ እሷ መጣ። ቆምኩ። አልተናገርኩም። ዝም ብዬ አየሁት። እሱም አየኝ... ተመልሶ ተቀመጠ። ምን እንዳየብኝ አላውቅም። እስካሁን ሰውነቴን ይወረኛል።

መስከረም 18 ቀን

ደሜ የምትባል ቅቤ ሻጭ ከምዕራብ መጣች። ቤቴን ጠይቃ ነው የመጣችው። ቅቤዋን አስቀምጣ በሩን ገርበብ አደረገችና ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

"ተክለማርያም ደኅና ነው። በእግሩ ይሄዳል።"

የያዝኩትን ማንቆርቆሪያ ለቀቅሁት። እልል እንዳልል አፌን በእጄ ያዝኩ።

"ሌላስ?"

"ኦቦ ጉታም ደኅና ናቸው። ከወንድምሽ አንድ መልእክት ደግሞ አለኝ፤ ትርጉሙ ለእኔ አልገባኝም። 'ያ ሸኚሽ እስካሁን ከኋላዬ ነው፣ የተኛሁበት ይተኛል። እኔ ግን ድኛለሁ፣ አንቺ ብቻሽን ነሽ። ላሰናብተውና ወደ አንቺ ይምጣ ወይ?' ብሎሻል።"

በገርበብታው ወደ ውጭ አየሁ። ዘሀራ ስንቋን አዝላ ደጄ ቆማለች፣ ከእሷ ጋር ሌሎች ሁለት ሴቶች። ከእንቁጣጣሽ ወዲህ እንዲህ ሆኗል፤ ባል ወይም ልጅ የተወሰደባት ሁሉ ጠዋት ትመጣና "ከኋላችን ሁኚልን" ትለኛለች።

ገንዳዬን አነሣሁ።

"እንዳያሰናብተው በዪው" አልኳት። "እዚህ እኔ አለሁ።"