ደብሬን ሰላምታ ላስተማሩልኝ ጓድ ዳይሬክተር

ወረታ፣ ግንቦት ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አያልነህ፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰቡስ፣ ከብቱስ ደህና ነው? ክረምቱ ገብቶ የርብ ወንዝ ሜዳውን ውሃ ሳያለብሰው፣ መንገዱም ሳይዘጋ ይህች ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት እንድታገኝዎ እመኛለሁ። እኔ በደብራችን ዜማ የማስተምረው መሪጌታ አዛናው፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎ የነበረችው የደብሬ አባት ነኝ። ደብዳቤውን አሽጌ ልልክልዎ እችል ነበር፤ ነገር ግን የእርስዎን ያህል በጎ ሥራ የሠራ ሰው በስውር ሲመሰገን ማየት ስለማይሆንልኝ፣ በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ደብሬ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰው ፊት አታይም፤ ጩኸት ሲበዛ ጆሮዋን ትይዛለች፤ የተነገራትን እንደተነገረ ትወስዳለች፤ የተጠየቀችውንም እንዳለ ትመልሳለች። እኔ አፈጣጠሯ ነው ብዬ ተቀብዬ፣ ዳዊት ስትደግም ጀርባዋን ሰጥታኝ እንድትቀመጥ እፈቅድላት ነበር፤ እንዲያ ስትሆን አንዲት ቃል አትስትም። እርስዎ ግን ስንፍናዬን አይተው፣ እሷንና መሰሎቿን ሰብስበው «የማኅበራዊ ኑሮ ሥልጠና» የሚባል ነገር ዘንድሮ ጀመሩልን። ምስጋናዬም እነሆ።

አንደኛ፦ ሰውን ዓይን ዓይኑን እያየች እንድትናገር ስላሠለጠኑልኝ አመሰግናለሁ። በእኛ አገር ልጅ ታላቁን ዓይን ዓይኑን ካየ ደፋር ይባላል፤ ጨቅላ ሕፃን ላይ ዓይኑን የተከለ ሰው ደግሞ ምን እንደሚባል፣ የፎገራ ተወላጅ ነዎትና አይጠፋዎትም። ደብሬ የተማረችውን አታጓድልም፤ የጎረቤታችንን የውባየሁን ጨቅላ፣ እርስዎ እንዳስተማሯት ዓይኗን ሳትነቅል አየችው። ድሮ ልጆቿን ለደብሬ አሳዝላ ውሃ ትወርድ የነበረችው ውባየሁ፣ ዛሬ ልጄ ብቅ ስትል የጨቅላውን ፊት በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ የወተቱን ቅልም ወደ ጓዳ ታገባለች። ልጄ ቡዳ ተብላለች። በአንድ መንፈቅ ሥልጠና ይህን ያህል ስም ማትረፍ ቀላል አይደለምና የእርስዎ ድካም ሊዘነጋ አይገባውም።

ሁለተኛ፦ ድምፅ እንድትለምድ ብለው ለደወል ከተሰቀለው የመኪና ቸርኬ ሥር እያቆሙ ስላስደወሉባት አመሰግናለሁ። አልለመደችውም። ቤት ስትመለስ ከጓሮ ጌሾው ሥር ቁጢጥ ብላ ጆሮዋን እንደያዘች ትቆያለች፤ እናቷም ራቅ ብላ ትጠብቃታለች። ስለዚህ ጉዳይ ብዙ ብጽፍ ትሕትናዬ ስለሚያልቅብኝ እዚህ ላይ ላብቃ።

ሦስተኛውና ትልቁ ውለታዎ ግን «ሰው ሲጠይቅሽ አትሽኮርመሚ፤ ዓይኑን እያየሽ ሙሉ መልስ ስጪ» ያሉት ነው። ባለፈው ወር ሥልጠናውን ሊጎበኙ ከአውራጃ እንግዳ መጡ፤ እርስዎም ፍሬዎን ሊያሳዩ ደብሬን ከፊት አቆሟት። እንግዳው እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰው፣ እንዴት ናችሁ፣ ትምህርቱስ እንዴት ነው ብለው ጠየቁ። እሷም ዓይን ዓይናቸውን እያየች፣ «እኔ ደህና አይደለሁም፣ ቸርኬው ያመኛል። የምንሠለጥነው ዛፍ ሥር ነው፤ ይህ ክፍል እስከ ትናንት የማገዶ ቤት ነበር። ወንበሩ የቀበሌው ነው፣ እርስዎ ሲሄዱ ይመለሳል። እንግዳው ሲስቅ ሳቁ ተብለናል፤ እርስዎ ግን እስካሁን አልሳቁም» አለቻቸው። ያን ጊዜ እንግዳው ሳቁ አሉ። ልጆቹም እንደታዘዙት አብረው ሳቁ። ሥልጠናው እንደዚያን ዕለት ሠምሮ እንደማያውቅ የነበሩት ሁሉ ይመሰክራሉ።

እርስዎ ብቻ አልሳቁም። «ጠባይሽን አሻሽለሽ ተመለሺ» ብለው ከትምህርት ቤት አስወጧት። እሷም ቃሉን እንደተነገራት ይዛ፣ በየማለዳው ደብተሯን ታቅፋ ከበርዎ ላይ ትቆማለች። ዘበኛውን ጋሼ መንግሥቴን ዓይን ዓይናቸውን እያየች እንዴት አደሩ ትላለች፤ የቤተሰባቸውን ደህንነት ትጠይቃለች፤ መልሱን እስኪጨርሱም ትጠብቃለች፤ ከዚያ «አሻሽያለሁ፤ ልግባ?» ትላለች። ጋሼ መንግሥቴ የታዘዙት አለና ይመልሷታል፤ ነገር ግን አሁን መሬት መሬት የሚያዩት እሳቸው ናቸው።

ጓድ ሆይ፣ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሰኔ ላይ ነው። ካልተቀመጠች ያልቅላታል፤ በሰፈሩ ቡዳ የተባለች ልጅ ከትምህርት በቀር መውጫ የላትም፤ ስሙን ያወጣላት ደግሞ የእርስዎ ሥልጠና ነው። የፈተና ወረቀት ዓይኔን እዪ አይልም፤ ካልሳቅሽልኝም አይልም። ይጠይቃታል፤ እሷም እንዳለ ትመልሳለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሩን ያስከፍቱላት።

በጎነትዎ ከሚገባኝ በላይ የደረሰኝ፣ ምስጋናውን ተሸክሜ ወገቤ የጎበጠ፣ ባሉበት ሁሉ ክብርዎን የማወራልዎ ትሑት ጎረቤትዎ፣

መሪጌታ አዛናው

ግልባጭ፦
ለሳቁት እንግዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ደብሬ አነበበችውና፣ «አባዬ፣ አመሰግናለሁ ያሉት እውነትዎን ነው?» አለችኝ። አይደለም ስላት እርሳሷን አንሥታ ምስጋናዎቹን ሁሉ ሰረዘቻቸው። እኔ ይሉኝታ ይዞኝ መልሼ ገለበጥኳቸው፤ እርስዎ ግን እንደተሰረዙ ይቁጠሩልኝ። ከላይ ያለው የጤና ምኞት ጋ ስትደርስ ግን፣ ይህስ እውነት ነው ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። እሷም እርሳሷን አስቀምጣ፣ «ይኼ ይቆይ፤ እኔ እመኝላቸዋለሁ» አለች። ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ከልብ የመጣልዎ እሱ ብቻ ነው፤ የላከችልዎም ከበር የሚመልሷት ልጅ ናት።