እህቴና ታናሻችን ኩሬው ዳር

ወንድምዓለም፣

ይህን የምጽፍልህ ከእህቴ ቤት ጀርባ ካለችው ኩሬ ዳር፣ ካርዱን ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ነው። ዙሪያዋን ፎቅ ነው፤ የኛ ሐይቅ ከጎኗ ቢሆን ባሕር ይባል ነበር።

ታናሻችን ከእናታችን ቀብር ስለቀረ እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዳላናገረችው ታውቃለህ። እንግዳ ነኝና ዛሬ ዓሣ እናጥምድ ስላቸው እምቢ አላሉኝም። ብቻ እሷ ወዲህ፣ እሱ ወዲያ ማዶ ሆነው መንጠቆ ጣሉ።

ትንሽ ቆይቶ እሱ «ትልቅ ይዣለሁ» እያለ መጎተት ጀመረ። የእሷም ዘንግ ጎበጠ። ለካ ክሮቻቸው ውሃው መሃል ተጠላልፈው ኖሯል።

«አንተ፣ የያዝከው እኮ እኔን ነው» አለችው።

ዞሮ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ክሩን እየፈታ «የቀረሁት ፈርቼ ነው» አላት። እሷም ቀና ሳትል «እኔም እኮ ፈርቼ ነበር» አለችው።

ዓሣ የሚባል አልያዝንም። ቦታ ስላለቀብኝ አሁን በካርዱ ጠርዝ ነው የምጽፈው፤ እናትህን እማማን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፣ ልጆቹንም ናፍቀውኛል በልልኝ። ክሩ ከተፈታ ቆይቷል፤ እነሱ ግን ጫፍና ጫፉን እንደያዙ ያወራሉ።