እማዬ ያልነካችው ግማሽ ማሳ

እሁድ፣ ግንቦት 16

ከቸርች መልስ ገሱባ፣ እማዬ ጋ ሄጄ ነበር። ከሶዶ የላክሁላት ዩሪያ ማዳበሪያ በቆሎውን ምን እንዳደረገው ለማየት ቸኩዬ ነበር።

ማሳው ለሁለት ተከፍሎ አገኘሁት። በቤቱ በኩል ያለው ጠቁሮ ወገቤ ደርሷል፤ ከወዲያ ያለው ቢጫ ነው፣ ከጉልበቴ አላለፈም። ጓዳ ስገባ የዩሪያው ግማሽ በጆንያው ተቋጥሮ ተቀምጧል። ብትሸጠው እንኳ ይገባኝ ነበር። ለምን ታስቀምጠዋለች?

"እማ፣ ይሄ ለምን ቀረ?" አልኳት።

"ዩሪያ በቆሎውን ብቻ አይደለም የሚያፋፋው፣ አረሙንም ነው" አለች። "ያን ሁሉ ለማረም ደቦ ልጠራ ነው። ደቦ ከተጠራ ማብላት አለ። በዚህ ወር ቤት ውስጥ ምን አለና? ብቻዬን አርሜ የምጨርሰውን ያህል አደረግሁ።"

እኔ የዩሪያውን ዋጋ ከበቆሎው ዋጋ ጋር ሳስተያይ የደቦው ምሳ ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ገርሞኝ ዩሪያ ባገኘው በኩል መስመሮቹ መሃል ገባሁ። እውነትም አረሙ ከበቆሎው እኩል ወፍሯል። አንዱን መስመር አርሜ ሳልጨርስ፣ ልብስ ስፌት ብቻ የለመደው እጄ ውሃ ቋጠረ።

"ያኛው ግማሽስ እንዲሁ ሊቀር ነው?" ብላት ሳቀች።

"እሱን ላንቺ ነው የተውኩት። ጆንያው ሲመጣ አብረሽ የምትመጪ መስሎኝ ነበር።"

አሁን ሶዶ ነኝ። የሰው የሰርግ ልብስ ማሽኑ ላይ ይጠብቀኛል። ዩሪያ ጊዜው ካለፈ ለበቆሎው እንደማይጠቅም ነግራኛለች። ስንት ቀን እንደቀረው ግን ሳልጠይቃት መጣሁ።