ሥልጣናቸው አጥር ላይ ለሚያበቃ ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ አዲሱ የቢሮ ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ የአንዲት ሰባተኛ ክፍል ተማሪ አባት ስሆን መተዳደሪያዬ የራዲዮና የድምፅ ማጉያ ጥገና ነው። ጠዋት በሰልፍ ላይ የሚናገሩበትን ማይክሮፎን ሁለት ጊዜ የጠገንኩት እኔው ስለሆንኩ ድምፅዎን በሚገባ አውቀዋለሁ። የዛሬው ጉዳዬ ግን የልጄ ድምፅ ነው።

ልጄ ስትናገር አንዳንዴ ቃል ይይዛታል። ከወር በፊት ተራዋ ደርሶ ሰልፍ ላይ ማስታወቂያ ስታነብ «ቤተ መጻሕፍት» የሚለው ጋ ስትደርስ «ቤ» ላይ ቀረች። አንድ ተማሪ ያንን አሥራ አንድ ሰከንድ ቀድቶ በክፍሉ የስልክ ግሩፕ ለቀቀው፤ ዛሬ የግማሹ ክፍል የስልክ ጥሪ ድምፅ እሱ ነው። እሷም እንደ በግ «ቤ» አለች ተብሎ «በጊቱ» ተብላ ቀርታለች። ስለተደረገልን ድጋፍ ሁሉ ምስጋናዬን እንደሚከተለው በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ቅጂውን ይዤ ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ግቢው ስልክ ይዞ መግባት የተከለከለበት ስለሆነ ድምፁ ግቢ ውስጥ ሊቀዳ እንደማይችል፣ ልጆች ቤታቸው ሆነው የሚላላኩት ደግሞ ከአጥር ውጪ ስለሆነ እንደማይመለከትዎ በትዕግሥት አስረድተውኛል። ሥልጣኑ የት ላይ እንደሚያበቃ እንዲህ አጥርቶ የሚያውቅ ኃላፊ ማግኘት መታደል ነው። በቅጂው ላይ ከልጄ ድምፅ ኋላ በማይክሮፎኑ «ቶሎ በይ እንጂ!» የሚል የትልቅ ሰው ድምፅ ይሰማል፤ የማን እንደሆነ ለመናገር ይሉኝታ ይዞኛል።

2. በሁለተኛው ሳምንት ልጄንና የሚያሾፉባትን ልጆች ለማስታረቅ ስለደከሙ አመሰግናለሁ። ልጄም ደብተር ወርውራ ስለነበር፣ ሚዛኑ እንዲጠበቅ ብለው እሷንም ይቅርታ አስጠየቋት። ይቅርታውን ለመጨረስ ጊዜ ወስዶባታል፤ ልጆቹም እየሳቁ በትዕግሥት ጠብቀዋታል። ከዚያ ሲጨባበጡ ፎቶ ተነሥተው በትምህርት ቤቱ ገጽ ላይ «ሰላማዊ ትምህርት ቤት» በሚል ርዕስ ወጡ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፎቶው ላይ የበግ ጆሮ በቅሎላት ነበር። ልጆቹ እስከዚያ ቀን ድምፅ እንጂ ምስል አልነበራቸውም፤ ያጡትን ያሟሉላቸው እርስዎ ነዎት። ፎቶው በጣም ጥራት አለው።

3. በደል የደረሰበት ተማሪ ስሙን ሳይጠቅስ ጽፎ እንዲከት ያሰቀሉት ሣጥንም ግሩም ሐሳብ ነው። ቁልፉ የተሰጠው ለክፍሉ አለቃ ነው። ድምፁን የቀዳውም እሱ ነው።

4. በመጨረሻም «ለራሷ ሲባል» ሌላ ትምህርት ቤት ብትገባ እንደሚሻል መክረው መሸኛዋን አዘጋጅተው ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። የመልቀቂያ ምክንያት በሚለው ቦታ «በወላጅ ፍላጎት» ተብሎ ቀድሞ ስለተሞላ እኔን የጠበቀኝ ፊርማ ብቻ ነው። ፍላጎቴን ከእኔ ቀድመው ማወቅዎ አስደንቆኛል። ይህች ልጅ ድሮ ስታወራ ጆሮዬን ታደነቁረኝ ነበር፤ አሁን ጨው ስትፈልግ በጣቷ ታመለክታለች። የሰው ቤት ራዲዮ ሳናግር እየዋልኩ ልጄን ማናገር አቃተኝ፤ አንጀቴ አርሯል። ይህን በጨዋ ቋንቋ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅበትምና ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ቅጹን እስከ ነገ ወዲያ ፈርሜ እንድመልስ በታዘዝኩት መሠረት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ።

አጥርዎ እንዲጸና፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣ ማይክሮፎኑ ሲበላሽ እንደ ወትሮው ለመታዘዝ ዝግጁ የሆንኩት፣

የ«በጊቱ» አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው እሑድ፣ በስብሰባ ላይ አፍዎን ከፍተው እንቅልፍ የወሰደዎት ፎቶ በልጆቹ ስልክ መዞሩን በሐዘን ሰምቻለሁ። ሰኞ ጠዋት ሰልፉ ሳይበተን ሦስት ተማሪዎች ወላጅ እንዲያመጡ ተባረሩ፤ «የሰውን ክብር መንካት የትም ሆኖ ቢፈጸም ያስጠይቃል» የሚል ማስታወቂያም በር ላይ ተለጠፈ። አጥሩ በአንድ ቀን እስከ ሰው ሳሎን ድረስ በመስፋቱ እንኳን ደስ አለዎት። ፎቶው ልጄም ጋ ደርሶ ነበር፤ ለማንም ሳትልከው አጠፋችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት ቃሉ ያዛት፤ እኔም ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። «ሰውየው ፎቶ እየተነሡ መሆናቸውን አያውቁም ነበር» አለችኝ፤ ከወር ወዲህ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ መስማቴ ነው። ስለዚህ ያያያዝኩትን መሸኛ አልፈረምኩበትም። በግቢው ሁሉ ፎቶዎን ያጠፋችው እሷ ብቻ ናት ይባላል፤ እሷን ከሸኟት የሚቀጥለውን ማን ያጠፋልዎታል?