ባቡር ያለበት ክፍል

መስከረም 12
ዝናብ። ቤት ዋልኩ። ባለቤቴ ኢየሩስ የጠዋት ተረኛ ስለነበረች ቤቱ ለኔ ብቻ... ትንሿ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ትራሜ ዛሬም ኦበርኡርዜል ጣቢያ ልትደርስ ስትል ኩርባው ላይ ተንገጫግጫ ቆመች። ሦስተኛ ሳምንቷ! ሽቦውን ፈተሽኩ፣ ሐዲዱን ጠረግኩ፣ ከላይ የተዘረጋውን የመብራት መስመር እንደገና በየድኩ። ምንም። ሠላሳ አንድ ዓመት የትልልቆቹን ትራሞች ኤሌክትሪክ ስጠግን ኖሬ፣ ዛሬ በጡረታዬ መዳፍ የምታህል ትራም ታሹፍብኝ?

ይቺን የድሮ መስመር እወዳታለሁ። ከተማውን ለቃ፣ ሜዳውን አቋርጣ፣ ጫካ ሥር የምትቆም ትራም። በሞዴል ልሠራት ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሞላኝ። ጣቢያዎቹ፣ ምሰሶዎቹ፣ የፖም ዛፎቹ ሁሉ የእጄ ሥራ ናቸው። የቀረችኝ ይቺ ኩርባ ናት።

ኢየሩስ ስትገባ ፊቷ በርቷል። "ሰይፉ፣ የእማዬ ቪዛ ወጣ! ዛሬውኑ የፍሉግ ትኬት እንቁረጥላት!" ደስ አለኝ፣ ከልቤ። ከዚያ ሁለታችንም ወደ ትንሿ ክፍል በር አየን። ያለችን ትርፍ ክፍል እሷ ብቻ ናት።

መስከረም 15
ለካሁ። ባቡሩ ከነጠረጴዛው ሦስት ሜትር ከሰማንያ። አልጋ ከገባ በጎን ካልሆነ አይታለፍም። ምን ይሻላል?

መስከረም 24
ኦስትኤንድ ሰፈር ሄጄ የሞዴል ክበባችንን ሊቀመንበር ሄር ክናፕን አማከርኩት። ሰውየው ነገር አያከብድም። "ለኖቬምበሩ ኤግዚቢሽን ፈታተህ ታመጣዋለህ፣ በዚያው እዚሁ ይቀራል። ቦታ አለን። ሐሙስ ሐሙስ እየመጣህ ትነዳዋለህ" አለኝ።

ሐሙስ ሐሙስ! ልጁን በቀጠሮ የሚያይ አባት ልሆን ነው። እሺ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? የሰው እናት ኮሪደር ላይ አትተኛ።

ኤግዚቢሽኑ በኛ አቆጣጠር ኅዳር 14 ነው። ቢያንስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ቀን ሳትቆም ስትሄድ ሰው ይያት... ግን ያቺ ኩርባ!

ጥቅምት 2
እማማ ገላነሽ ገቡ። ኤርፖርት ላይ ሻንጣቸውን ሳነሳ ወገቤ ሊቆረጥ።

"ምን ይዘው ነው እማማ?"

"የተቆላ ገብስ ነው፣ ለበሶ። ስምንት ኪሎ ትሆናለች።"

"ሳይፈጭ?" አለች ኢየሩስ።

እማማ ገረማቸው። ወደኔ ዞረው፣ "ባቡር ላለው ሰው አስፈጭቼ ልምጣ? እርስዎን መናቅ አይሆንብኝም?" አሉ።

ባቡር! እነሱ አገር ባቡር ማለት እኮ ወፍጮ ነው! ኢየሩስ በስልክ "ሰይፉ ባቡሩ ጋ ነው፣ ባቡሩን እየሠራ ነው" ስትላቸው አሥራ አንድ ዓመት... እሳቸው ራሳቸው ሠላሳ ዓመት የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ። አማቼ ጀርመን አገር ባቡር አለው እያሉ ለፍኖተ ሰላም ሰው ሁሉ አውርተዋል። ወደ ቤት ስንመለስ፣ የከተማው ባቡር ኤስ-ባን ውስጥ፣ ኢየሩስ ሳቋን ለመደበቅ በመስኮት ታያለች። እኔን ላብ አጠመቀኝ።

ጥቅምት 3
"ንገሪያቸው" አልኳት።
"አንተ ንገራት። ባቡሩ ያንተ!"

በሩን ከፍቼ አሳየኋቸው። ቁልፉን ተጭኜ ነዳሁላቸው። ትራሟ ይባስ ብላ ኩርባው ላይ ቆመች።

"ይኸ ነው?"
"አዎ እማማ። የድሮ ትራም አምሳያ ነው።"
"ምን ይፈጫል?"
"ምንም።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ደግ" አሉ።

ያቺ "ደግ" አጥንቴ ድረስ ገባች። ስድሳ ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጥቅምት 8
ኢየሩስ ገብሱን በሚክሰሩ ልትፈጭ ሞከረች። ሚክሰሩ ጨሰ።

ጥቅምት 13
ትንሿ ክፍል አሁን የእማማ ናት። አልጋቸው ከባቡሩ ጎን ገብቷል። አማቱ በተኛችበት ክፍል አማች እንዴት ዘው ብሎ ይገባል? እሳቸው እኔን ሲያዩ ይነሳሉ፣ እኔ እሳቸውን ሳይ እነሳለሁ። "ይቀመጡ፣ ኧረ እርስዎ ይቀመጡ" ስንባባል ሾርባው ይቀዘቅዛል። አሥር ቀን ሙሉ ባቡሩን አልነካሁም። ኤግዚቢሽኑ አንድ ወር ቀረው።

እሳቸውም አልተመቻቸውም። ቀኑን ሙሉ በመስኮት መንገዱን፣ ላይፕሲገር ሽትራሰን ያያሉ። ለኢየሩስ "እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ነው ያመጣሽኝ?" ብለዋታል። አልቅሳ ነገረችኝ። ባቡሬን ላስወጣላቸው የተስማማሁላቸው ሴትዮ ደግሞ መመለስ ፈልገዋል! ተናደድኩ፣ ወዲያው ደግሞ አሳዘኑኝ።

ጥቅምት 21
ዛሬ... ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ኮሪደር ላይ ድምፅ ሰማሁ። ትራሟ! ማን ነካት? ሮጥኩ፣ በሩ ጋ ስደርስ ግን ቀጥ አልኩ። አንኳኳሁ።

"ይግቡ።"

እማማ መቆጣጠሪያውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ለካ ያን ቀን ስነዳ ቁልፉን አይተውብኛል። ዓይናቸውን ጨፍነው ጆሯቸውን ወደ ኩርባው ሰጥተዋል።

"መብራቱን ነው የሚነካኩት?" አሉኝ።
"አዎ፣ መብራቱ እየተቋረጠባት..."
"መብራቱ ምን አደረገ? ጥርሱ ነው! ይስሙት... ሲዞር ያነቀው ነገር አለ።"

ፈታኋት። እውነትም ሆዷ ውስጥ፣ የማርሿ ጥርስ ላይ የተጠመጠመ የምንጣፍ ክር! ፀጉር አይሞላም። በመርፌ ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ያለ መነጽር። መልሰን ገጠምናት። ኩርባውን ዞራ ኦበርኡርዜል ገባች።

እኔ የኤሌክትሪክ ሰው ነኝ፣ የፈለግሁት ኤሌክትሪክ ነው። እሳቸው ዝም ብለው አዳመጧት። ሳልደብቅ ልጻፈው፣ አለቀስኩ። እማማ አይተው እንዳላየ ሆኑ፣ ከዚያ፣ "ለሞተር ማልቀስ አዲስ አይደለም፣ እኔም አልቅሻለሁ" አሉ።

ኅዳር 2
ሥራ ተከፋፈልን። ሽቦው የኔ፣ ጥርሱና ዘይቱ የእማማ። ያሉኝን ሌሎች ትራሞችም አንድ በአንድ ጆሯቸው ሥር እያስጠጉ አዳመጡ። ሁለቱን "ታማሚ ናቸው" ብለው ለይተዋል። ትክክል ናቸው።

ዛሬ ኢየሩስ ራት ቀርቧል ብላ ሦስት ጊዜ ጠራችን። በመስኮት የሚያይ የለም። ሐሙስ ሐሙስ... ሐሙስ ሐሙስ... እንዳላስበው እየሞከርኩ ነው።

ኅዳር 14
ቆመች ወይ? አንዴም አልቆመችም! ስድስት ሰዓት ሙሉ።

አዳራሹ ሰው በሰው ነበር። እማማ መቆጣጠሪያውን አልለቅም አሉ። ሄር ክናፕ አጠገባቸው ቆሞ ሲያይ ቆየና፣ "ስንት ዓመት ነድተዋል?" ብሎ ጠየቀ። ተረጎምኩላቸው።

"ሠላሳ ዓመት በለው።"
"እማማ፣ ያ እኮ ወፍጮ..."
"ባቡር ባቡር ነው። በለው!"

እንደወረደ ነገርኩት። ክናፕ ኮፍያውን አነሳላቸው። እኔ ግን ሌላ ነገር ላይ ነበርኩ። "በለው" አሉኝ እኮ። "ይበሉት" አላሉም። አንተ አሉኝ! ራሳቸውም አልሰሙትም።

ሊዘጋ ሲል ክናፕ ያዘጋጀልንን ቦታ አሳየን። ንጹሕ፣ ብርሃን ያለበት፣ መስታወት የተገጠመለት። የሚያስከፋ ነገር የለውም፣ ግን ከፋኝ። "ምን አለ?" አሉ እማማ። ባቡሩ እዚህ ሊቀር ነው፣ ክፍሏን ለእርስዎ እንድንለቅ ብለን ነው አልኳቸው።

"ለኔ?" መቆጣጠሪያውን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። "ባቡሩን አውጥተህ እኔን እዚያ ልታስቀምጠኝ? ምን እየሠራሁ? እሱ ከወጣ እኔም ወጣሁ። ትኬቴን ቁረጥ!"

ክናፕ መልስ ይጠብቃል። "ናይን፣ ዳንከ"፣ አይ አመሰግናለሁ፣ አልኩት። "ወደ ቤት እንወስደዋለን።"

ኢየሩስ በር ላይ ስታየን፣ "መልሳችሁ አመጣችሁት?!" አለች። ለመቆጣት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ኅዳር 16
የጠረጴዛውን እግሮች አስረዘምኩ። ባቡሩ ከላይ፣ አልጋው ከሥሩ። ልክ ገጠመ! ኢየሩስ "እናቴን ድልድይ ሥር አስተኛሃት" ትላለች። እማማ "ቆሜ መሥራት ነው የለመድኩት" አሉ።

ኅዳር 23
ጠዋት፣ ገና ቁርስ ሳልቀምስ፣ ትራሟ ስትሄድ ሰማሁ። ትናንት ጠግኜ የጨረስኳትን ሁለተኛዋን ታማሚ ትራም ይዤ ሄድኩ። አንኳኳሁ።

"ግባ።"

እማማ ቆመዋል። መቆጣጠሪያው በእጃቸው፣ ጆሯቸው ሐዲዱ ላይ።

"እማማ፣ ይቺን አንዴ ልሞክራት?"

ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

"ወረፋህን ጠብቅ።"

አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።