አሥራ ሰባተኛው ፎቶ ላይ ስላገኘሁት ማስጠንቀቂያ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ውሃ አገልግሎት የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ገጽዎ ፎቶዎች ያማረ፣ የስልክዎም ባትሪ የማያልቅ እንዲሆን ከልብ እየተመኘሁ፣ ሠላሳ አንድ ሕፃናት የሚውሉበት ማቆያ ኃላፊ መሆኔን በትሕትና አስታውቃለሁ።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ከቧንቧችን የወረደው ውሃ ሻይ የመሰለ ነበር። እኔም እንደ ሠለጠነ ደንበኛ የተቋምዎን የፌስቡክ ገጽ ከፈትኩ። «ማኅበራዊ ሚዲያን በስትራቴጂ መጠቀም» የሚል ሥልጠና ላይ ስለነበራችሁ ገጹ በእርስዎ ፎቶዎች ደምቋል፤ ሲናገሩ፣ ሲያዳምጡ፣ የምስክር ወረቀት ሲሰጡ፣ ደግሞ ሲቀበሉ። ከሥር «ውሃው ለሕፃናት ይሆናል ወይ?» ብዬ ጻፍኩ። በሁለት ደቂቃ ውስጥ «አብረውን ስለሆኑ እናመሰግናለን» የሚል መልስና አንድ ቀይ ልብ ደረሰኝ። ፍጥነታችሁ አስደነቀኝ። ችግር ቢኖር ይነግሩኝ ነበር ብዬ ውሃውን አጥልዬ ለልጆቹ ሰጠሁ። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ ለማንም አላካፍለውም።

ማክሰኞ ሰባት ልጆች አስመለሳቸው። የሰፈራችን የልብስ ሰፊዋ ልጅ፣ ገና ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግሉኮስ ተሰክቶላት ሆስፒታል ሦስት ቀን ተኛች። እናቷ አልጋው አጠገብ ቆማ «አንቺን አምኜ እኮ ነው የተውኳት» አለችኝ። ከክፍሉ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ ገጽዎን ደግሜ ሳገላብጥ አሥራ ሰባተኛው ፎቶ የእርስዎ አልነበረም፤ ተጋድሞ የተነሣ ደብዳቤ ነበር። ስልኬን አዙሬ፣ አንገቴን ሰብሬ አነበብኩት፤ መስመር ስለተሰበረ ውሃው ፈልቶ ይጠጣ ይላል። የተፈረመው እሑድ ነው።

ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፦

፩. «ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ» ሦስት ቃል ነው። መስመሩ ከተሰበረባቸው ሰፈሮች ስም ጋር ከገጹ አናት ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ፎቶዎችዎ ትንሽ ዝቅ ይሉ ነበር እንጂ አይጠፉም ነበር።

፪. የጠየቀ ሰው የሚፈልገው መልስ ነው። «አላውቅም፣ ባለሙያውን ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ለማለት የምስክር ወረቀት አያስፈልግም።

፫. ሐሙስ ዕለት ያንን ውሃ በጠርሙስ ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ከወንበርዎ ተነሥተው ስለተቀበሉኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ እንድይዝ፣ ወደ መስኮቱም ጠጋ እንድል ሲጠይቁኝ ውሃውን ሊመረምሩት መስሎኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ራሴን ገጽዎ ላይ አገኘሁት፤ ከሥሬ «ደንበኞች በአገልግሎቱ መርካታቸውን ገለጹ» የሚል ተጽፏል። ልብስ ሰፊዋም አይታዋለች። ልጅቷ እግዚአብሔር ይመስገን ድናለች፤ እኔ ዘንድ ግን አልተመለሰችም። እናቷ መንገድ ላይ ስታየኝ ወደ ማዶ ትሻገራለች።

አራተኛም ነበረኝ፤ ጽፌ ሰረዝኩት።

ፈቃዷን ሳትጠየቅ የረካች፣ ከተከታዮችዎ ብዛት ውስጥ እንደ አንድ የምትቆጠር፣ ሁሌም ታዛዥ ደንበኛዎ፣
የሕፃናት ማቆያው ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ከገጽዎ መታገዴን ስላወቅሁ የዚህን ደብዳቤ የመጀመሪያ ቅጂ በመሥሪያ ቤትዎ በር ላይ ለጥፌ ነበር። የጥበቃ ሠራተኛዎ እስከ መጨረሻው አነበበና «እትዬ፣ እዚህ ማንም አያየውም፤ ሰው ወረፋ የሚይዝበት መስኮት ላይ ይሻላል» ብሎ በገዛ እጁ አዛወረልኝ። ለሚቀጥለው ሥልጠና አሠልጣኝ ሲፈልጉ ሩቅ አይሂዱ።